የኤምጂ ስም ተሸጠ፤ መፍቻውስ?

እሁድ ጠዋት ነው እንበል። እንግሊዝ አገር፣ አንድ ጠባብ ጋራዥ ውስጥ። ሰውየው መኪናዋ ውስጥ ገብቶ ቁልፉን ያዞራል፤ ሞተሩን ግን ገና አያስነሳም። ይጠብቃል። ከበስተኋላ፣ ከጎማው አካባቢ፣ ጠቅ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ይመጣል። የቤንዚን ፓምፑ ነው። መጀመሪያ ይፈጥናል። ሁለቱ ካርቡሬተሮች ሲሞሉ እየዘገየ ይመጣና ዝም ይላል። ጆሮው የለመደ ሰው ከዚህ ድምፅ ብቻ ብዙ ነገር ያውቃል። ጠቅታው አልቆም ካለ ወይ ቤንዚን አልቋል፣ ወይ የሆነ ቦታ እየፈሰሰ ነው። ጭራሽ ካልጀመረ ደግሞ ሰውየው ወርዶ ፓምፑን በመፍቻ እጀታ ቀስ አድርጎ መታ ያደርገዋል። ብዙ ጊዜ በዚያው ይነሳል።

ከዚያ ቾኩን ይስባል። ቁልፉን እስከ ጥግ ያዞራል። ሞተሩ አንድ ሁለቴ ያጉረመርምና ይነሳል። ጋራዡ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። የዘይት ግፊት መለኪያዋ መርፌ ከፍ እስክትል ድረስ ዓይኑን ከእሷ ላይ አያነሳም።

ይቺ መኪና ኤምጂቢ ትባላለች። ከ1962 እስከ 1980 ድረስ አቢንግደን በምትባል ትንሽ የእንግሊዝ ከተማ ተሠራች። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አሁን ደግሞ ወደ ጎረቤቱ ግቢ እንሂድ። እዚያ የቆመችው መኪና አፍንጫዋ ላይ ያው ስምንት ማዕዘን ዓርማ አለ፤ ውስጡ ኤም እና ጂ የሚሉት ሁለት የላቲን ፊደሎች። ኤምጂ4 ናት። ሻንጋይ ያለ ኩባንያ የሚሠራት የኤሌክትሪክ መኪና። የሚዞር ቁልፍ የለም። የማስነሻ ቁልፍ እንኳ የላትም። ሰው ገብቶ ፍሬን ሲረግጥ በቃ፣ ለመሄድ ዝግጁ ናት። ድምፅ የለም፣ ሽታ የለም፣ የሚጠበቅ መርፌ የለም።

ሁለቱም ኤምጂ ይባላሉ። የድሮዋን የሚወዱ ብዙ ሰዎች አዲሷን "ኤምጂ አይደለችም፤ ዓርማ የተለጠፈባት የቻይና መኪና ናት" ይላሉ። አዲሷን የገዙት ደግሞ ስለ አቢንግደን ሰምተውም አያውቁ ይሆናል። ዋጋዋ ተስማማቸው፣ ዋስትናዋ ረጅም ሆነላቸው፣ ገዙ።

እኔ ይህን ክርክር ስከታተል አንድ ነገር ይከነክነኛል። ጭቅጭቁ ሁሉ ስሙ ለማን ይገባል በሚለው ላይ ነው። የመኪና ባለቤት መሆን ማለት ምን ማለት ነው የሚለው ጥያቄ ግን ይረሳል። ለእኔ ዋናው ልዩነት ያለው እዚያ ላይ ነው።

ኤምጂ መጀመሪያም ተራ መኪና ነበረች

የስሙ ትርጉም ቀላል ነው። "ሞሪስ ጋራዥስ" ከሚለው የተወሰደ ምህጻር ነው። ኦክስፎርድ ከተማ ውስጥ የዊልያም ሞሪስ መኪና መሸጫና መጠገኛ ነበር። በ1920ዎቹ መጀመሪያ ሴሲል ኪምበር የሚባል ሰው ሥራ አስኪያጁ ሆነ። ኪምበር ከባዶ ተነስቶ አዲስ ሞተር አልፈጠረም። ያደረገው ነገር የሞሪስን ተራ የቤተሰብ መኪና ወስዶ ዝቅ ያለ፣ ያማረ ቦዲ ማልበስ ነበር። ሞተሩን ትንሽ ያነቃቃዋል፣ መሪውንና ሱስታውን ያስተካክላል። ዋጋውን ደግሞ አንድ ወጣት የቢሮ ሠራተኛ ወይም ሐኪም ሊደርስበት በሚችል ቦታ ያስቀምጣል።

ይህን ነገር አስምሩበት። ኤምጂ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሀብታም መኪና አልነበረችም። ክፍሎቿ ከሌሎች ተራ መኪናዎች የተወሰዱ ነበሩ። ጥበቡ የነበረው ቅንጅቱ ላይ ነው።

ኪምበር በ1941 ከኩባንያው እንዲወጣ ተደረገ። በ1945 ለንደን ኪንግስ ክሮስ ጣቢያ በደረሰ የባቡር አደጋ ሞተ። የድርጅቱን ትልቅ ዘመን አላየም። ያ ዘመን የመጣው ከጦርነቱ በኋላ ነው። እንግሊዝ የነበሩ የአሜሪካ ወታደሮች ቲሲ የምትባለውን ትንሽ ባለ ሁለት ወንበር መኪና ወደዷት። ጎማዋ ቀጭን፣ መሪዋ በቀኝ ብቻ። አሜሪካ ደግሞ የሚነዳው በቀኝ መስመር ነው፤ መሪው ግራ መሆን ነበረበት። እነሱ ግን አልተጨነቁም፤ ጭነው ወሰዷት። ከዚያ በኋላ የኤምጂ ትልቁ ገበያ አሜሪካ ሆነ። ኤምጂኤ ከ1955 እስከ 1962 ከመቶ ሺህ በላይ ተመረተች፤ አብዛኛዋ ባሕር ተሻግራ ሄደች።

ቀጥላ ኤምጂቢ መጣች። በ1962 ስትወጣ እንግሊዝ ውስጥ ከነግብሯ ወደ 950 ፓውንድ ነበረች። ከእሷ አንድ ዓመት ቀድሞ የወጣው ጃጓር ኢ-ታይፕ ከሁለት ሺህ ፓውንድ በላይ ነበር። 1.8 ሊትር ሞተሯ 95 የፈረስ ጉልበት ነበረው። ፈጣን የምትባል አይደለችም፤ ከዜሮ ወደ መቶ ኪሎ ሜትር ለመድረስ 12 ሴኮንድ ገደማ ያስፈልጋታል። ግን ቀላል ናት፤ አንድ ቶን አትሞላም። ሸራ ጣሪያዋን ገልጠህ ጠመዝማዛ የገጠር መንገድ ላይ በ80 ስትነዳት በ160 የምትበር ይመስልሃል። ከግማሽ ሚሊዮን በላይ የተመረተችው ለዚህ ነው።

ገዳዮቿ ቻይናውያን አይደሉም። ይህን ግልጽ ማድረግ እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም አንዳንዱ ሰው ታሪኩን ሲያወራ ቻይናውያን መጥተው ከእንግሊዞች እጅ የነጠቁ ያስመስለዋል። በ1968 ብሪቲሽ ሌይላንድ የሚባል ግዙፍ ስብስብ ተፈጠረ፤ ኤምጂም እዚያ ውስጥ ገባች። ስብስቡ ለስፖርት መኪና ትራያምፍ የተባለውን ሌላውን የራሱን ስም ነበር የሚያስቀድመው። ለኤምጂቢ ተተኪ የሚሆን አዲስ ሞዴል አልተሠራም። የአሜሪካ የደህንነትና የጭስ ሕግ ሲመጣ ከ1974 መጨረሻ ጀምሮ ያ የሚያብረቀርቅ ፓራውርቷ ወርዶ ወፍራም ጥቁር ጎማ መሰል ነገር ተለጠፈባት። ቁመቷም ከፍ ተደረገ። ለአሜሪካ የምትላከው ሁለቱ ካርቡሬተሮቿ ወጥተው አንድ ብቻ ቀረላት። ጉልበቷ ቀነሰ፤ መታጠፊያ ላይም መዋለል ጀመረች። በመስከረም 1979 ፋብሪካው እንደሚዘጋ ተነገረ። ዜናው የመጣው ከተማዋ የፋብሪካውን 50ኛ ዓመት ባከበረች ማግስት ነበር። በጥቅምት 1980 የመጨረሻዋ ኤምጂቢ ወጣች፤ በሩም ተዘጋ።

ከዚያ በኋላ ስሙ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ተራ የቤት መኪናዎች ላይ ተለጠፈ። በ1995 ኤምጂኤፍ የምትባል ጥሩ ትንሽ የስፖርት መኪና ወጣች። ቢኤምደብሊው በ1994 ኩባንያውን ገዝቶ በ2000 አራት እንግሊዛውያን ለመሩት ቡድን በ10 ፓውንድ ሸጠው። አዎ፣ አሥር ፓውንድ። ኤምጂ ሮቨር ተብሎ አምስት ዓመት ኖረና በሚያዝያ 2005 ከሰረ። በርሚንግሃም አጠገብ ሎንግብሪጅ ላይ ወደ 6,000 የሚጠጉ ሠራተኞች ሥራ አጡ።

በዚያው ዓመት ናንጂንግ አውቶሞቢል የተባለ የቻይና ኩባንያ ንብረቱን ገዛ፤ የማምረቻ መስመሮቹንም ነቅሎ በመርከብ ወሰዳቸው። በ2007 መጨረሻ ደግሞ ናንጂንግ ራሱ ትልቁ የሻንጋይ ኩባንያ ሳይክ ውስጥ ተጠቀለለ። ሳይክ የሻንጋይ ከተማ መንግሥት ንብረት ነው። ከ2011 ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት ሎንግብሪጅ ላይ መገጣጠም ተሞከረ፤ በ2016 ያም ቆመ። ከዚያ ወዲህ እንግሊዝ ውስጥ ኤምጂ አይሠራም፤ ይሸጣል እንጂ።

ሽያጩ ደግሞ ቀላል አይደለም። በ2023ም በ2024ም እንግሊዝ ውስጥ ብቻ በየዓመቱ ከ80,000 በላይ አዳዲስ ኤምጂዎች ተሸጠዋል። የአቢንግደን ፋብሪካ በደጉ ዘመኑ እንኳ ለዓለም በሙሉ በዓመት 60,000 አልሞላም። ኤምጂ4 በ2022 እንግሊዝ ስትገባ መነሻ ዋጋዋ ከ26,000 ፓውንድ በታች ነበር። በመጠን የምትወዳደራት የቮልስዋገን አይዲ.3 በዚያን ጊዜ ከእሷ ወደ አሥር ሺህ ፓውንድ ትበልጥ ነበር። ዋስትናዋ ሰባት ዓመት ወይም 80,000 ማይል ነው።

እዚህ ላይ ነው ከአሮጌዋ ወዳጆች ጋር የማልስማማው። ኪምበርን የሚያከብር ሰው ይህን መናቅ የለበትም። ሰው ሊደርስበት በሚችል ዋጋ ደህና መኪና ማቅረብ የኤምጂ የመጀመሪያ ሥራዋ ነበር። ብዙ የአውሮፓ ኩባንያዎች የኤሌክትሪክ መኪናን የባለጸጋ ዕቃ አድርገውት በነበረ ጊዜ፣ አንዲት ነርስ ወይም አንድ የታክሲ ሹፌር ሊገዛት የሚችል መኪና ይዞ መምጣት ቁም ነገር ነው። በዚህ በኩል የሻንጋዩ ኤምጂ ከብዙዎቹ የእንግሊዝ ዘመን ኤምጂዎች ይልቅ ለመሥራቹ ይቀርባል ብዬ አምናለሁ።

ጆሮው ላይ ቱቦ ይዞ

ታዲያ ምን ጎደለ? ወደዚያ ጋራዥ እንመለስ።

ኤምጂቢ ሁለት ካርቡሬተር እንዳላት ነግሬያችኋለሁ። ሁለቱ እኩል አየር መሳብ አለባቸው። እኩል ካልሳቡ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፣ ቤንዚን ይበላል፣ ጉልበት ያጣል። ለዚህ ኮምፒውተር አያስፈልግም። ሰውየው ኮፈኑን ይከፍታል፣ የአየር ማጣሪያዎቹን ይፈታል፣ አንድ ክንድ የምታክል የጎማ ቱቦ ያነሳል። አንዱን ጫፍ ጆሮው ላይ፣ ሌላውን የአንዱ ካርቡሬተር አፍ ላይ ያደርጋል። ሽሽሽ የሚል ድምፅ ይሰማል። ከዚያ ወደ ሁለተኛው ያዞረዋል። ድምፁ ከወፈረ ወይም ከቀጠነ በትንሽ መፍቻ ብሎኑን ትንሽ ያዞራል። እንደገና ያዳምጣል። ሁለቱ ድምፆች አንድ ሲሆኑ ሥራው አለቀ። ከዚያ የካርቡሬተሩን ክዳን ከላይ ከፍቶ ጥቂት ጠብታ ዘይት ይጨምራል። በቃ።

ባለ ሽቦ ቸርኬ ያላት ከሆነ ደግሞ ጎማ መፍታት ራሱ ሥነ ሥርዓት አለው። ቸርኬውን የሚይዘው መሐል ላይ ያለ አንድ ትልቅ ብሎን ብቻ ነው፤ ጆሮ ጆሮ አለው። የሚመታው በመዳብ ወይም በቆዳ መዶሻ ነው፤ በብረት ከተመታ ያበላሸዋል። የግራው ጎንና የቀኙ ጎን የሚፈቱበት አቅጣጫ ይለያያል። ይህን የማያውቅ ሰው ሲቀጠቅጥ ውሎ የባሰ ያጠብቀዋል።

እርግጥ ይህ ሁሉ ፍቅር ብቻ አይደለም። የኤምጂቢ ትልቁ ጠላት ዝገት ነው። በተለይ ከበሩ ሥር ያለው ላሜራ። ከላይ ቀለሙ ያብረቀርቃል፤ ከውስጥ ተበልቷል። መኪናዋ የተለየ ሻንሲ የላትም፤ ቦዲው ራሱ ነው የሚሸከማት። ያ ላሜራ ከተበላ መኪናዋ መሐሏ ላይ ትጎብጣለች፣ በሯም አልዘጋ ይላል። አዲስ ሰው ሊገዛ ሲሄድ ሞተሩን ሰምቶ ይደነቃል፤ ልምድ ያለው ግን መጀመሪያ ተንበርክኮ ከሥር ያያል። ደግሞም አየር ከረጢት የላትም። ዝናብ ሲጥል በሸራው ጠርዝ ጠብ ጠብ ይላል። ልጅ ትምህርት ቤት አድርሱባት ብዬ ማንንም አልመክርም።

ግን ልብ በሉ። የመጨረሻዋ ከወጣች ከ45 ዓመት በላይ ሆኗታል። ዛሬም መለዋወጫዋ ይገኛል። የፍሬን ሸራ፣ የዘይት ማጣሪያ፣ የበር ጎማ፣ የወንበር ቆዳ፣ ሙሉ ሞተር፤ ሁሉም። በ1973 የተመሠረተው የኤምጂ ባለቤቶች ክበብ እና ከ1930 ጀምሮ ያለው የኤምጂ መኪና ክበብ ዛሬም በሥራ ላይ ናቸው። የጥገና መመሪያው በማንም እጅ አለ። የእንግሊዝ መንግሥትም ያግዛል። ከ40 ዓመት በላይ የሆናት መኪና የመንገድ ግብር አትከፍልም። ከ2018 ጀምሮ ደግሞ የዓመት ምርመራ አትገደድም፤ በእኛ አነጋገር ከቦሎ ጣጣ ነፃ ናት። ለንደን ውስጥም የጭስ ክፍያ አይጠየቅባትም። በ2021 እስከ አሥር በመቶ ኤታኖል ያለበት ቤንዚን በየማደያው ሲገባ ባለቤቶቹ ተደናግጠው ነበር፤ ኤታኖሉ አሮጌውን የጎማ ቱቦ ይበላል። መፍትሔው ግን ቀላል ሆነ። ቱቦውን ኤታኖል በሚችል መቀየር፣ ወይም ኤታኖሉ አነስ ያለውን ውድ ቤንዚን መቅዳት።

እኔ ባለቤትነት የምለው ይህንን ነው። ባለቤቱ መኪናዋን መክፈት ይችላል። ካልቻለ ሰፈሩ ውስጥ የሚችል ሰው አለ። የሠራት ፋብሪካ ቢዘጋ፣ ኩባንያው ቢከስር፣ ስሙ ቢሸጥ እሷ መሄዷን አታቆምም።

ስምና ዝና

አዲሱ ኤምጂ ይህን ታሪክ ያውቀዋል፤ ይጠቀምበታልም። በ2023 ሳይበርስተር የምትባል መኪና አሳየ። ንድፏን የመራው ለንደን ያለው የሳይክ ስቱዲዮ ነው። ባለ ሁለት ወንበር፣ ሸራ ጣሪያዋ የሚገለጥ፣ በሮቿ እንደ መቀስ ወደ ላይ የሚከፈቱ የኤሌክትሪክ መኪና ናት። በ2024 የኤምጂ መቶኛ ዓመት ሲከበር ለገበያ ቀረበች። ባለ ሁለት ሞተሯ 503 የፈረስ ጉልበት አላት፤ በ3.2 ሴኮንድ መቶ ትገባለች። በዚያው ዓመት ኩባንያው ለፍጥነት ክብረ ወሰን የታሰበች የምትመስል አንዲት የናሙና መኪና አቀረበ፤ ስሟንም ከኢኤክስ181 ወሰደ። ኢኤክስ181 በ1957 ስተርሊንግ ሞስ አሜሪካ ቦንቪል የጨው ሜዳ ላይ በሰዓት 395 ኪሎ ሜትር ያበረራት ኤምጂ ናት።

ሳይበርስተር ታምራለች። ይህን መካድ አይቻልም። ግን ክብደቷ ሁለት ቶን ይጠጋል፤ ሁለት ኤምጂቢ ማለት ነው። እንግሊዝ ውስጥ ስትወጣ መነሻ ዋጋዋ 55,000 ፓውንድ ገደማ ነበር። ዓርማው ከሁሉም የሚያምረው እሷ ላይ ነው፤ የኪምበርን ሐሳብ ግን ከእሷ ይልቅ ተራዋ ኤምጂ4 ናት የያዘችው። ኩባንያው ራሱ የሚያሞግሰው ግን ሳይበርስተርን ነው።

ሌላም የሚያሳዝን ነገር አለ። ኤምጂን ኤምጂ ያደረገው የአሜሪካ ገዢ ነው ብያለሁ። ያ ገዢ ዛሬ አዲስ ኤምጂ መግዛት አይችልም። ኤምጂ ከ1980 ወዲህ አሜሪካ ውስጥ አልተሸጠም። በ2024 አሜሪካ በቻይና የኤሌክትሪክ መኪና ላይ መቶ በመቶ ቀረጥ ጣለች። በ2025 መጀመሪያ ደግሞ ከ2027 ሞዴል ጀምሮ የቻይና ሶፍትዌር የተጫነባቸው መኪናዎች እንዳይሸጡ ደንብ አወጣች። ስለዚህ ካሊፎርኒያ ውስጥ በየሳምንቱ የሚነዱ ኤምጂቢዎች አሉ፤ አዲስ ኤምጂ የሚሸጥበት ሱቅ ግን የለም።

አውሮፓም እንዲሁ በሩን አጥብቧል። የአውሮፓ ኅብረት ከጥቅምት 2024 መጨረሻ ጀምሮ ከቻይና በሚገቡ የኤሌክትሪክ መኪናዎች ላይ ተጨማሪ ቀረጥ ጣለ። ምክንያቱ የቻይና መንግሥት ይደጉማቸዋል የሚል ነው። ከፍተኛው ቅጣት የደረሰው ለሳይክ ነው፤ በነባሩ 10 በመቶ ላይ 35.3 በመቶ። ቀረጡ ሃይብሪድን፣ ማለትም ቤንዚንና ኤሌክትሪክ አጣምሮ የሚሠራውን መኪና፣ አይነካም። ስለዚህ ኤምጂ በአውሮፓ ትኩረቱን ወደ ሃይብሪዶቹ አዞረ፤ ወደ ኤምጂ3 እና ወደ ዜድኤስ። እንግሊዝ ከኅብረቱ ስለወጣች ይህ ቀረጥ አልነካትም። የኤምጂ የድሮ አገር ዛሬም ከአውሮፓ ገበያዎቹ ትልቁ የሆነው አንድም በዚህ ነው። በሌላ በኩል ህንድ ውስጥ ጉጃራት ላይ ይሠራል፤ ታይላንድም ፋብሪካ አለው። የባሕረ ሰላጤው አገሮች ውስጥ የምትኖሩ ደግሞ ዓርማውን መንገድ ላይ ሳታዩት አትቀሩም።

ይህን የምዘረዝረው አለምክንያት አይደለም። የአሮጌዋ ኤምጂ ዕድሜ በባለቤቷ እጅ ነው። የአዲሷ ዕድሜ ግን በብዙ ሰዎች ውሳኔ ላይ ተንጠልጥሏል። ቀረጡን የሚወስነው ብራስልስ ነው። ሶፍትዌሩ የሚጻፈው ሻንጋይ ነው። መኪናዋ የምትገናኘው ሩቅ ካለ ሰርቨር ጋር ነው። ባትሪዋ ቢበላሽ አብዛኛው የሰፈር ጋራዥ ሊከፍተው አይደፍርም፤ መድፈርም የለበትም፤ ውስጡ ያለው ኃይል ሰው ይገድላል። ሰባት ዓመት ዋስትና መልካም ነው። ግን ስምንተኛው ዓመትስ? ሃያኛውስ?

ይህን ለኤምጂ ብቻ አላነሳውም። ቴስላም፣ ቮልስዋገንም፣ ቢዋይዲም ያው ናቸው። ኤምጂን የመረጥኩት ሁለቱን ዓለም በአንድ ስም ስለያዘ ነው። ለውጥም እየመጣ ነው። አውሮፓ ውስጥ ከየካቲት 2027 ጀምሮ እያንዳንዱ የመኪና ባትሪ ዲጂታል ፓስፖርት ሊኖረው ነው፤ ከምን እንደተሠራ፣ ጤናው ምን ላይ እንዳለ የሚታይበት። ጥሩ ጅማሬ ነው። መረጃ ማወቅና መጠገን ግን አንድ አይደሉም።

ጉዳዩ እኛንም ይነካናል። ኢትዮጵያ በ2024 መጀመሪያ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የግል መኪናዎች እንዳይገቡ ከልክላለች። አሁን አዲስ አበባ መንገድ ላይ የሚታዩት የኤሌክትሪክ መኪናዎች አብዛኞቹ የቻይና ናቸው። እኛ ደግሞ መኪና አንጥልም። ቮልስ ሃምሳ ዓመት አልፏት በየሰፈሩ ሽር ስትል እናያለን። ያቆያት የጀርመን ኩባንያ አይደለም። ያቆያት ሶማሌ ተራ ነው። ያቆያት ባትላሜራው፣ የፍሬን ሸራ የሚለጥፈው ሰው፣ አንድ ብሎን ከሌላ መኪና አምጥቶ የሚያስማማው መካኒክ ነው። ለእንግሊዙ የኤምጂቢ ባለቤት ይህ የእረፍት ቀን መዝናኛ ነው፤ ለእኛ ኑሮ ነው። ስለዚህ የኤሌክትሪክ መኪና ስንገዛ ስንት ኪሎ ሜትር ትሄዳለች ብለን እንጠይቃለን፤ መጠየቅም አለብን። ግን ባትሪዋን ማን ይከፍታል፣ ሶፍትዌሯን ማን ያድሳል፣ የጥገና መረጃው ለሰፈር መካኒክ ይሰጣል ወይ ብለንም ሻጩን እንያዘው። ቻይና ውስጥ ሞዴል በየሁለት ሦስት ዓመቱ ይቀያየራል። መለዋወጫው ከሞዴሉ ጋር አብሮ እንዳይጠፋ መጠየቅ ያለብን ገንዘቡን ከመክፈላችን በፊት ነው።

ስለ አሮጌዋ ኤምጂ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ፋብሪካው ሲዘጋ የኤምጂቢ ላሜራ የሚታተምባቸው ከባድ የብረት ቅርጾች ነበሩ። አንዳንዶቹ አሮጌ ብረት ሆነው ሊሸጡ ይችሉ ነበር። ጥቂት ሰዎች ግን እየዞሩ ፈልገው ሰበሰቧቸው። በ1988 ብሪቲሽ ሞተር ሄሪቴጅ የተባለው ድርጅት በእነዚያው ቅርጾች የኤምጂቢን ሙሉ ቦዲ እንደ አዲስ ማተም ጀመረ። መኪናው የተበላበት ሰው አዲስ ቦዲ ገዝቶ የድሮ ሞተሩን፣ የድሮ መሪውን፣ የድሮ ወንበሩን ወደ እሱ ያዛውራል። እንዲያውም ከዚያ ቦዲ ተነስቶ በ1992 አርቪ8 የምትባል ኤምጂ ተወለደች። ሁለት ሺህ ገደማ ተሠርተው አብዛኛዎቹ ጃፓን ገቡ። የቦዲው ሥራ ዛሬም ኦክስፎርድ አጠገብ ዊትኒ በምትባል ከተማ ቀጥሏል።

የሳይበርስተርና የኤምጂ4 ቅርጽ ማውጫ ብረት ብቻ አይደለም። የባትሪው መቆጣጠሪያ ኮድ፣ የሞተሩ ሶፍትዌር፣ የጥገና የይለፍ ቃል ጭምር ነው። እነዚህ አሁን ያሉት ሻንጋይ ውስጥ፣ በአንድ ኩባንያ እጅ ነው። በ2022 የተሸጠች ኤምጂ4 የመጨረሻዋ ኤምጂቢ ዛሬ ያለችበት ዕድሜ ላይ የምትደርሰው 2067 አካባቢ ነው። ያን ጊዜ እሁድ ጠዋት ጋራዡን ከፍቶ ፍሬኗን የሚረግጥ ሰው መኪናዋ እንድትበራለት ያ ኮድ ከአሁኑ አንድ ቦታ መቀመጥ አለበት።